ሎሚን ያስታመሙት ጋሽ ወርቁ

ስልኩን ዘግቼ እንደገና ደወልኩ። ልጃቸው ሊያ እያለቀሰች በስዊድንኛ ስለነገረችኝ፣ የተረዳሁት ስህተት ይሆናል ብዬ ነው። ሁለተኛም ያንኑ አለችኝ። ጋሽ ወርቁ፣ እዚህ ስዊድን ሶልና በሚባል ሰፈር በተኙበት ሆስፒታል ዛሬ ጠዋት አርፈዋል።

ትናንት አምቡላንስ ሲወስዳቸው የምንጋራው ደረጃ ላይ ነበርኩ። በእግሬ እወርዳለሁ ብለው ከሠራተኞቹ ጋር ይከራከሩ ነበር። እንዴት ልመን?

ይህን የምጽፈው ከኩሽናዬ ነው። አጠገቤ፣ ፎጣ በለበሰ ሣጥን ውስጥ ሎሚ ተኝታለች። ለማታውቋት፣ ሎሚ የጋሽ ወርቁ እንስሳ ናት። ሙጭልጭላ የምትመስል፣ ቀጭን፣ ረዥም፣ ስዊድኖች ኢለር የሚሏት። እሳቸው ከሄዱ ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። እንዲህ ያለ እንስሳ ደግሞ በባዶ ሆድ ብዙ አይቆይም። ትናንት ቁልፋቸውን እጄ ላይ ሲያስቀምጡ ያሉኝ "ሎሚን አደራ" ብቻ ነው።

ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው፤ እንስሳ አሳድገው አያውቁም ነበር። ሊያ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ አዲሱ ቤቷ እንስሳ ስለማይፈቅድ ሎሚን ለእሳቸው ተወችላቸው። መጀመሪያ ሰሞን ሎሚ ወለሉ ላይ ስትሹለከለክ እግራቸውን ሶፋው ላይ ሰቅለው ነበር ቴሌቪዥን የሚያዩት። ብዙም ሳይቆይ ግን የሹራባቸው እጅጌ ውስጥ ተኝታ አብራቸው ዜና መስማት ጀመረች።

ባለፈው ዐቢይ ጾም የጽዋ ማኅበራችን ተራ የእሳቸው ነበር። እዚሁ ሮግስቬድ ያለው ቤታቸው ጠባብ ስለሆነ የሁላችንም ጫማ መግቢያው ላይ ተከምሯል። ሎሚ መኝታ ቤት ተዘግቶባት ነበር። ጸሎት ላይ ሳለን ማን እንደከፈተላት እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ ስንጨርስ ጫማው ክምር ውስጥ አገኘናት።

በማግስቱ አስታወከች። ከሰዓት በኋላ ጀርባዋን አጉብጣ ጥርሷን ማፋጨት ስትጀምር ይዘናት ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድን።

ሐኪሟ ሆዷን ዳሰሰች። እነዚህ እንስሳት ላስቲክ ማኘክ ይወዳሉ፣ የዋጡት አንጀታቸውን ከዘጋ ግን ይገድላቸዋል አለችን። ራጅ ተነሣች፤ ምንም አልታየም፣ ላስቲክ ደግሞ በራጅ የማይታይበት ጊዜ አለ። መዋጧ ከታወቀ ወዲያው ኦፕራሲዮን ትደረጋለች። ካልታወቀ ግን ለዚያች ደካማ ሰውነት በከንቱ መቀደዱ ራሱ አደጋ ነው።

ጋሽ ወርቁ ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር፣ የማን ጫማ ነው?" አሉኝ።

ስልኬን አወጣሁ። ማኅበርተኛውን አንድም ሳልዘል፣ በዕለቱ በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ደወልኩ። ለሁሉም ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ ትናንት ያደረጋችሁትን ጫማ ውስጡንም ሥሩንም እዩልኝ፣ የጎደለ ላስቲክ አለ ወይ? አንዱ፣ ከአስተማሪነት ጡረታ ወጥተውም ፍተሻ አልተዉም ብሎ ሳቀብኝ። ሌላዋ ሥራ ላይ ነኝ፣ ማታ አያለሁ አለች። ማታ እንደማይደርስልን ነገርኳትና ባሏን አስፈተሸችው። ምንም የለም። እያንዳንዱን ስልክ ስዘጋ ጋሽ ወርቁ ሎሚን ደረታቸው ላይ እንዳቀፉ ፊቴን ያያሉ።

አንድ ሰው ብቻ ቀረ። አልማዝ ስልኳን አታነሳም።

አልማዝ ሎሚን አትወዳትም። ጽዋ በሚጠጣበት ቤት አይጥ የሚበላ አውሬ ምን ይሠራል ብላ ጋሽ ወርቁን በሰው ፊት ተናግራቸዋለች። መልእክት ጻፍኩላትና ተቀመጥን። ሎሚ ጥርሷን ማፋጨቱንም ተወች። ይህ ከሕመሙ የባሰ አስፈራን።

በሩ ተከፈተ። አልማዝ ለመልእክቴ መልስ ሳትሰጥ ከሩቅ፣ ከኖርስቦሪ ባቡር ቀይራ መጥታለች። በፌስታል የያዘችውን ጫማ አውጥታ ለሐኪሟ ሰጠቻት። የውስጥ ሶሉ ተረከዙ ጋ ተነክሶ ጎድሏል።

"ይቺን አውሬ አድኑላቸው" አለች። "ማታ ቤታቸው ሲገቡ ሌላ ማን አላቸው?"

ላስቲኩ ወጣ።

ሎሚ ግን ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አልበላ አለች። ጋሽ ወርቁ በዚያ ጾም ዶሮ እየቀቀሉ፣ እንደ ገንፎ እስኪልም እየፈጩ፣ በጣታቸው ጫፍ ያቀርቡላት ነበር። ከሱቅ ዶሮ ይዘው ሲወጡ አይቶ ለሚገረም ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ "ጾሙን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አልያዘችም።" ደረጃው በሙሉ ዶሮ ዶሮ ይሸት ነበር። ስትበላ እንዳያት ደግሞ ይከለክሉኛል። "ዞር በል መምህር፤ ስታፈጥባት ትፈራለች።" እኛ ግድግዳ ግድግዳውን እያየን ስንጠብቅ፣ ቀስ በቀስ መብላት ጀመረች።

ጋሽ ወርቁ፣ ሊያ ባቡር ላይ ናት፣ እየመጣች ነው። ማኅበርተኛው ቤትዎ ሊሰበሰብ ነው። እኔ ሆስፒታል ቶሎ ያልመጣሁት በሎሚ ምክንያት ነው፤ እርስዎም ቢሆኑ ትተሃት ና እንደማይሉኝ አውቃለሁ።

ዶሮውን ቀቅዬ፣ ፈጭቼ፣ በጣቴ አቀረብኩላት። ፊቴንም ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ትንሽ ሸካራ ምላስ ነካኝ። አንድ ጊዜ። ከዚያ ተመልሳ ተጠቅልላ ተኛች።

ይህ በቂ ይሁን አይሁን የምጠይቀው ሰው እርስዎ ነበሩ።

እንግዲህ ጥቂት ቆይቼ እንደገና እሞክራለሁ። እርስዎ ይረፉ፣ የእሷን ጭንቀት ለእኔ ይተዉልኝ። ደህና ይሁኑ፣ ጎረቤቴ።