ቀይ ክር የታሰረለት ሽምብራ

የሽምብራ እሸት ከነቅጠሉ እሳት ሲለበልበው የሚሸተውን ሽታ ካላወቃችሁት እኔ ምን ላድርጋችሁ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ እዚህ እስራኤል አገር፣ ጊቫት ሃሞሬ፣ የልጅ ልጄ ሺራ አንድ እቅፍ እሸት ይዛ መጥታ በረንዳው ላይ ስትለበልበው፣ ያ ሽታ አፍንጫዬ ገብቶ ጉልበቴን ሳያስፈቅድ ከወንበር አስነሳኝ፤ ሐኪሜ ቢያየኝ ኪኒኑን ሁሉ ትቶ ሽምብራ ያዝዝልኝ ነበር።

እኛ የበለሳ ሰዎች ነን። የበለሳ ዝናብ እንደ ኩሩ አማች ነው፤ ዘግይቶ መጥቶ ቀድሞ ይሄዳል። መስከረም ላይ ሲያባራ፣ ዋልካው፣ ጥቁሩ አፈር ውስጥ በቀረችው እርጥበት ሽምብራ እንዘራ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ሰማዩ ጠብ አያደርግም፣ ሽምብራው መሬት የያዘችለትን እየጠጣ እርጥበቱ ሳያልቅ መድረስ አለበት።

ኅዳር ሲገባ ልጅ አዋቂው ቀድሞ ፍሬ የቋጠረውን እየፈለገ ይበላ ነበር። ክረምቱን ተርበን ከርመን እሸት መቅመስ ወጋችን ነው። እኔማ ከሁሉ እቀድም ነበር፤ የሽምብራ ቅጠል ጤዛው ይጎመዝዛል፣ ያቃጥላል፣ እና ኅዳርን ሙሉ ከንፈሬ አብጦ ይከርም ነበር። «አንች፣ ከንፈርሽ እኮ ከፊትሽ ቀድሞ ነው ቤት የሚገባ» ትለኝ ነበር እናቴ።

ግን ሽምብራችን ከዓመት ዓመት እየዘገየ ሄደ። ጥር ላይ ስናጭደው ግማሹ ፍሬው ሳይሞላ ደርቆ ይገኝ ጀመር። አባቴ አንዴ መሬቱን፣ አንዴ የጎረቤትን ዓይን ሲወቅስ ከረመ። አንድ ቀን እናቴ ዘር ስትለቅም ቆይታ ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል?» አላት።

«እኛው ነና። ቀድሞ የደረሰውን ለቅመን እንበላዋለን፣ ለዘር የሚተርፈው ሰነፉ ነው። ሰነፍ ዘርተን ጎበዝ ይብቀልልን እንላለን።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ከርሞ ቀዳሚውን የሚነካው የለም፣ ለዘር ይደርቃል። ይችን ልጅ ግን አንተ እሰርልኝ።»

እኔ አልታሰርኩም፤ ሽምብራው ታሰረ። በከርሞው ኅዳር ቀድሞ የቋጠረውን እንዳሳያት እናቴ ከፊት ከፊት አስኬደችኝ፣ ከኔ ወዲያ ማን ያውቀዋል፣ እሷም ከመቀነቷ ጥለት ቀይ ክር እየመዘዘች በየግንዱ አሰረችለት። አዪ ያ ወር። እሸቱ እየሳቀብኝ፣ አባቴ አርጩሜውን ይዞ ዳር ቆሞ፣ እኔ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ አልፍ ነበር። ጎረቤቱ ደግሞ «እነዚህ ሽምብራ ሊድሩ ነው እንዴ?» እያለ ያሾፍብን ነበር። የክሩን ዘር በቅል ለብቻው አስቀመጥነው፣ ለብቻው ዘራነው፣ ሲቋጥር ደግሞ ቀዳሚውን አሰርን።

ከዚያ ዝናቡ ነሐሴ ሳያልቅ ጥሎን የሄደበት ዓመት መጣ። ሁሉም እየተሯሯጠ ዘራ፤ ዋልካው ግን ቶሎ ተሰነጣጥቆ የሰዉ ሽምብራ አበባው ላይ እንዳለ ደረቀ። የክሩ ልጆች እርጥበቱ ሳያልቅ ቋጥረው ነበር። ብዙ አይደለም፣ ግን ሞልቶ ነበር፤ በላን፣ ለዘርም ተረፈን። ያሾፉብን ሁሉ ዘር ሊለምኑ መጡ፣ እናቴም በእፍኝ በእፍኝ እየሰፈረች «ክሩን ከራሳችሁ ምዘዙ፣ የኔ መቀነት አልቋል» አለቻቸው።

ሺራ እንግዲህ ሥራዋ እዚሁ አፉላ ከተማ አጠገብ፣ ሽምብራ የሚሞከርበት እርሻ ላይ ነው። እዚያ የሚሠሩት ዝናብ ለሚያጥራቸው የቆላ አገር ገበሬዎች ቶሎ የሚደርስ ዘር ይፈልጋሉ። እሸቱን በለበለበች ማግስት ይዛኝ ሄደች። ሽምብራውን ባየሁት ጊዜ እጄ አላስቻለውም፣ ቢጫ ላስቲክ ወደታሰረለት ተዘረጋ።

«ሳፍታ፣ ሎ!» አለችኝ በዕብራይስጥ፣ አያቴ፣ አይሆንም ማለቷ ነው። «እሱ ለዘር ነው። ያልታሰረውን ብይ።»

«ለማን ነው ዘሩ?»

«ለማናውቃቸው ሰዎች። ማን ያውቃል፣ በለሳም ይደርስ ይሆናል።»

ድሮ ክር ነበር፣ አሁን ላስቲክ ነው። ድሮ የከለከለኝ የአባቴ አርጩሜ ነበር፤ አሁን የሚመታኝ የለም፣ ሺራም እንዳላየች ዞር ብላልኝ ነበር። ግን ምናልባት እዚያ በለሳ፣ የማላውቃት አንዲት ልጅ በኅዳር ከንፈሯ ይበጥ ብዬ፣ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ አለፍኩ።