ወጥ ሊማሩ የመጡት ጋሽ ፈንቴ

ሁዳዴ ሲጋመስ አንድ ቅዳሜ... ሱቄ በር ላይ ቡታጋዜን ለኩሼ፣ ስልኬን ስታንድ ላይ አቁሜ ሽሮ እያሳየሁ ነው።

ለማታውቁኝ፣ ፍኖተ ሰላም የባልትና ሱቅ አለችኝ። በገበያ ቀን በር ላይ ወጥቼ በታሸገ ነገር እንዴት ቶሎ ወጥ እንደሚሠራ አሳያለሁ። ሽንኩርት መክተፍ የለ፣ ማቁላላት የለ... የተዘጋጀ ቁሌት ከብልቃጥ፣ ምጥን ሽሮ ከእሽግ፣ ውኃ፣ አለቀ። ሴቶቹ ቀምሰው «ይሄማ የሰነፍ ወጥ ነው» ይሉኛል። ግን ይገዛሉ።

የዚያን ቀን ከሴቶቹ መሀል አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ዱላቸውን ተደግፈው ዓይናቸውን ከድስቱ አይነቅሉም። ሠርቼ ስጨርስ ጠጋ አሉና፣

«ልጀ፣ እስቲ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ» አሉኝ።

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቄ መጣና «አባባ፣ እማማ የት ሄደውብዎት ነው እርስዎ ወጥ የሚማሩት?» አልኳቸው።

«እዚህ ሆስፒታል ተኝታለች» አሉ። «አንች ዘንድ የላከችኝም እሷው ናት።»

ሳቁ ቀጥ አለ።

ጋሽ ፈንቴ ይባላሉ። ከቡሬ ወዲያ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ልጅ አልወለዱም። ሚስታቸው እማማ ውድነሽ ከታመሙ ወዲህ ሆስፒታሉ አጠገብ ክፍል ተከራይተው ያስታምማሉ። እማማ ውድነሽ ከምግብ ቤት የሚገዛላቸውን አልቀምስም አሉ። «ሽሮ አማረኝ። የምበላው ግን አንተ የሠራኸውን ነው። ገበያ ላይ የምታሳይ ልጅ አለች አሉ፣ ሂድና ተማር» ብለው ላኳቸው።

«ሞፈር እንጅ ማማሰያ ጨብጨ አላውቅም» አሉኝ፣ አፈር ብለው።

ማማሰያውን ሰጠኋቸው። ሽሮውን ባንዴ ገለበጡትና ጓጎለ። ደፍተን እንደገና ጀመርን። በተን በተን እያደረጉ ሲያማስሉ አንዷ ሴት «አይዞዎት አባቴ፣ ወጥቶልዎታል» አለቻቸው። አሁን የሚስቅ የለም።

ሱቁን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ፣ ሽሮውን ከድነን፣ በባጃጅ አብሬያቸው ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እንጃ... ሲበሉ ለማየት ጓጉቼ መሰለኝ።

እማማ ውድነሽ አልጋው ላይ ሰው ያለ አይመስልም፣ እንዲያ ነው የከሱት። ጋሽ ፈንቴ ደግፈው ቀና አደረጓቸውና አጎረሷቸው። ትንሽ ነው ያጎረሷቸው፤ አፋቸው ውስጥ ግን ብዙ ቆየ።

«እህ? እንዴት ነው?»

«ጨው አንሶታል» አሉ በቀስታ። «ነገም ሠርተህ አምጣ።»

ጋሽ ፈንቴ ፊታቸው በራ። ጆጉን አንስተው ውኃ ሊቀዱ ወጡ።

ይኼኔ እማማ ውድነሽ የጎረሱትን በነጠላቸው ጫፍ መልሰው አወጡት። አልዋጡትም ነበር። ደነገጥኩ።

«አይወርድልኝም ልጀ፣ ከሰነበተ» አሉኝ።

«ታዲያ አማረኝ ያሉት?...»

«አላማረኝም። እጁን ላስፈታው ብየ ነው።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «እስከ አርባየ ጎረቤት ያበላዋል። ከአርባው ወዲያስ? እኔ መሄዴ ነው፣ ለራስህ ተማር ብየ ብነግረው ማልቀስ እንጅ መማር የለም። ለእኔ ነው ካልሁት ግን ይማራል... አደራሽን፣ እንዳትነግሪው።»

ጋሽ ፈንቴ ውኃውን ይዘው ሲገቡ እንባዬን እንዳያዩብኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሱቄ መምጣት ጀመሩ። ሽሮ ቻሉ። ምስር ቻሉ። አንድ ቀን ያሳረሩትን ድስት እንዳለ ይዘው መጥተው «ምን በድየው ነው?» አሉኝ፤ አብረን ሳቅን። እማማ ውድነሽ ግን ለሁሉም እንከን አያጡለትም። አንድ ቀን ቀጠነ፣ አንድ ቀን በርበሬው በዛ... «ነገ አሻሽለህ አምጣ»።

«ይህን ሁሉ ዘመን ስታበላኝ እኔ እኮ አንድ ቀን ክፉ ቃል ወጣኝ?» ይላሉ ጋሽ ፈንቴ፣ ተናደው። ተናደውም ግን ምን ልሥራላት ብለው ይጠይቁኛል።

ከዚያ አንድ ቀን ቀሩ። በማግስቱም ቀሩ። ሆስፒታል ሄጄ ሳይ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። አስከሬኑን ይዘው ወደ አገራቸው ገብተዋል አሉኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ ፈንቴ መጡ። ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፣ ከስተዋል። እኔ አለቀስኩ፣ እሳቸው አጽናኑኝ። አርባዋ ከወጣ ወዲህ ሰው ሁሉ ወደየሥራው እንደተመለሰ፣ እሳቸውም ራሳቸው እየሠሩ እንደሚበሉ ነገሩኝ። የሰፈር ሴቶች «ባለሙያው» እያሉ ይቀልዱባቸዋል አሉ።

ከመደርደሪያው አንድ እሽግ ሽሮ አነሡና «ነገ አምጣ፣ ነገ አምጣ ስትለኝ እኮ... ትድናለች ብየ ነበር» አሉ።

እውነቱን ልነግራቸው አፌ ድረስ መጣ። አደራ ነውና ዋጥኩት።

የሽሮውን እሽግ እያገላበጡ «ልጀ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ።

«ይጠይቁኝ አባባ።»

«ያሳየሽኝ የሁለት ሰው ነው መሰለኝ... ሁልጊዜ ይተርፈኛል። የአንድ ሰው ልኩ ስንት ነው?»

«ግማሹን ነው አባባ» አልኳቸው።

ግማሽ የሚባለው ቃል እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።