የቢጫዋ መደብ

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። «ይብረድልህና ትጽፈዋለህ» ያሉኝ ወዳጆች አሉ። ከበረደልኝማ «እነሱም እኮ ወላጆች ናቸው፣ ቸግሯቸው ነው» ማለት እጀምራለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ አሁን ሆዴ እንደተቃጠለ ልናገረው።

የሞጣ ልጅ ነኝ። ብቸና ውስጥ የዜግነት ትምህርት ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ከሞጣ ወጣ ብሎ፣ ከወላጆቼ ቤት አጠገብ፣ አንድ ሽማግሌ ሰዓሊ አሉ። ሰፈሩ በሙሉ «የኔታ» ይላቸዋል። በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ቆይተው፣ ኋላ ሥዕል ተምረው፣ እስከ ዛሬ በመቅደስ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሸራ ሲስሉ ይኖራሉ።

የኔታ ቀለም ከሱቅ አይገዙም። ጓሯቸው ውስጥና ወንዙ ዳር ባሉ ሁለት የአትክልት ቦታዎች ራሳቸው ያበቅሉታል። አንዱ መደብ ለቀይ ነው፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለጥቁር። የተክሎቹን ስም ግን ለማንም አይናገሩም። በእነሱ ሙያ ይህ ወግ ነው። መምህር ለደቀ መዝሙሩ ተክሉን በእጁ ያሳየዋል እንጂ ስሙን ለሰው አያወራም፤ ስሙ ከታወቀ ገበያ ይወጣል፣ ገበያ ከወጣ ይጠፋል ይላሉ። ስለዚህ የኔታ ተክሎቻቸውን የሚጠሩት በሚሰጡት ቀለም ነው፤ ቀይዋ፣ ጥቁሯ እያሉ። አንዷን ብቻ አቆላምጠው «ቢጫዬ» ይሏታል።

ቢጫዋ የምታሳሳ ነበረች። ከጥቂት ዓመታት በፊት በረዶ ማሳውን መትቶት የተረፈው ዘር ጭብጥ እንኳ አይሞላም ነበር። እሱን እያባዙ አንድ መደብ አደረሱት። ዘንድሮ ያላቸውን ዘር ሁሉ መሬት ውስጥ ከተቱት። ኅዳር ላይ ዘሩ ይጎመራል፣ ለከርሞ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሥሩ ተቆፍሮ ቀለሙ ይወጣል። ሌላ ቦታ ትኑር አትኑር አያውቁም። ተክሏን የሰጧቸው መምህራቸው ነበሩ፤ እሳቸውም ካረፉ ቆይተዋል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ግድግዳውን ሙሉ የሞላ ሸራ ተወጥሮ ይጠብቃታል። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ሐዋርያት ዙሪያዋን ቆመው። ልብሱ አልቋል፣ ዓይኑ አልቋል፣ የእጁ ጣት ሁሉ አልቋል። የቀረው በየራሳቸው ዙሪያ የሚሆነው ብርሃን ነው። በያንዳንዱ ቅዱስ ራስ ዙሪያ ባዶ ነጭ ክብ ይታያል። የኔታ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ «ይቺን ብርሃን ካበራሁ በኋላ ብሩሽ አልይዝም» ብለውኛል።

እንግዲህ እኔ ሞኙ የትምህርት ቤታችንን መምህራን ይዤ የሄድኩት ወደዚህ ቤት ነው።

ለምን? ለጉራ። ሌላ ምክንያት የለኝም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ስለየአገራችን ሲወራ አንዱ ሁልጊዜ «ሞጣ ደግሞ ምን አላት?» ይለኛል። አንድ ቀን አፌን አሞጥሙጬ «ቀለም የሚያበቅል ሰው አላት» አልኩ። የመምህራን ክበባችን የእሑድ ጉብኝት ወደዚያ እንዲሆን ተወሰነ። የኔታን ለማሳመን ሁለት እሑድ ተመላለስኩ። «ሰው የረገጠው አትክልት አይባረክም» እያሉ እምቢ አሉኝ። በመጨረሻ «የኔታ፣ በእኔ ይሁንብዎ፤ እኔ እያለሁ አንድ ቅጠል አይነካም» ብዬ ማልኩላቸው። እሳቸውም አምነውኝ እሺ አሉ።

የጥቅምት እሑድ ነበር። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አሥራ አራት ሆነን በአንድ ሚኒባስ ከብቸና ተነሣን። ጉዞው የግማሽ ቀን ነው፤ ከቀትር በኋላ መንገዱ አይታመንም፣ ሾፌሩም ገና ሳንነሣ «ስድስት ሰዓት ላይ ብቸና እንገባለን፣ የዘገየ ይቀራል» ብሎናል። ደብረ ወርቅን እስክናልፍ ድረስ ወሬው ሁሉ ያው የፈተናው ወሬ ነበር። ባለፈው ዓመት ከትምህርት ቤታችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከተሳፋሪዎቹ የአብዛኞቹ ልጆች ዘንድሮ ተፈታኞች ናቸው። አንዱ ኮምፒውተሩን ረገመ፣ አንዱ ልጆቹን ረገመ፣ ርዕሰ መምህሩ «ሲስተሙ ነው» አለ። ሲስተሙ ምን እንደሆነ የነገረን የለም።

የኔታ በር ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው። ለእያንዳንዱ ሰው «እንኳን ደህና መጣህ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» አሉ። መጀመሪያ የወንዙን ዳር አሳዩን። መደቦቹ በሸክላ ገል የታጠሩ፣ ውሃው በቦይ እየዞረ የሚያጠጣቸው ናቸው። አንድ ቅጠል ቀጥፈው በመዳፋቸው አሽተው አረንጓዴውን በጣታቸው ጫፍ አሳዩን። ሰዉ ተደነቀ። ደስ አለኝ፤ እንደ ሙሽራ ወላጅ አደረገኝ።

ከዚያ ወደ ጓሮ ዞርን። ቢጫዋ እዚያ ናት፣ ጉልበት የማትደርስ፣ አበባዋ እንኳ ቢጫ ያልሆነ ተራ ተክል። ባላውቃት አረም ናት ብዬ አልፋት ነበር። የኔታ ምርኩዛቸውን በመደቡ ፊት አጋደሙት።

«እዚህ ላይ ተጠንቀቁልኝ ልጆቼ» አሉ። «የዚችን ስም አልነግራችሁም። እሷ ከሌለች ሥራዬም የለ።»

ሁሉም ዝም አለ። አሥራ ሦስት መምህር ባንድ ጊዜ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም፤ ስብሰባ ላይ እንኳ። እኔ አክብሮት መሰለኝ። ከወሎ ተመድባ የመጣችው የባዮሎጂ መምህርት ርዕሰ መምህሩን በዓይኗ ስትጠቅሰው አይቻለሁ። አይቼ ግን አላየሁም፤ ሰው በጉራው ቀን ዓይኑ አያይም።

ከዚያ የኔታ ሸራውን ሊያሳዩን ወደ ቤት ጠሩን። ሦስት ሰው ተከተለን። ሌሎቹ «አንድ ሰልፊ ተነሥተን እንመጣለን» አሉ። እኔ ውስጥ ገብቼ ነጩን ክብ እየቆጠርኩ፣ የኔታ ሸራው ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍበት ሙጫ ሲያስረዱኝ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየን። ስንወጣ ሌሎቹ ሁሉ በሩ ላይ ተሰብስበዋል፤ ቦርሳቸውን በደረታቸው አቅፈው። ተራ በተራ ጎንበስ ብለው የኔታን ጉልበት ሳሙ። እሳቸውም «ልጆቻችሁን ይባርክላችሁ» ብለው መረቋቸው። ያንን ምርቃት ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። የሰው ንብረት በቦርሳ ይዞ ጉልበት መሳም!

ከሞጣ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተጓዝን ኬላ ላይ አስቆሙን። የተለመደ ነው፤ ሁሉም ይወርዳል፣ ቦርሳ ይከፈታል፣ መታወቂያ ይታያል። ጠባቂው ወጣት ነው፣ ሰልችቶታል። የመጀመሪያውን ቦርሳ ከፍቶ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሥሩ አፈር ያልለቀቀ ተክል። ሁለተኛውን ከፈተ፤ ያው ተክል። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። መንገዱ ዳር እየደረደረ ሄደ።

«ጎመን ነጋዴዎች ናችሁ እንዴ?» አለ።

እኔ መጀመሪያ አልገባኝም። ጎንበስ ብዬ አንዱን አነሣሁ። አበባዋን አየሁ። ቢጫዋ ናት።

«ምን አድርጋችኋል?» አልኩ። «ምን አድርጋችኋል እናንተ ሰዎች!»

«ቀስ በል እንጂ» አለች የባዮሎጂ መምህርቷ፣ ቀድማ። «ትንሽ ትንሽ ነው የወሰድነው።»

«ለምኑ? ለምናችሁ?»

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ፤ በስብሰባ ሲናገር እንደሚያደርገው። «እየው ወንድሜ፣ ሁላችንም የምናውቀውን ነገር አታካብደው። እሳቸው የቅኔ ቤት ሰው ናቸው። ስሟን አልናገርም ያሉት ለምን ይመስልሃል?»

ያኔ ገባኝ። አብሾ መስሏቸዋል! ድሮ የቅኔ ተማሪ አእምሮ እንዲከፍትለት ይጠጣዋል የሚባለው ተክል። ሽማግሌው ስሟን የደበቁት አብሾ ብትሆን ነው፣ እሳቸው ይህን ሁሉ ዕውቀት ያገኙት ከእሷ ነው፣ ቀለም የሚሉት ለማስመሰል ነው ብለው ደመደሙ። ቀቅለው ለልጆቻቸው ሊያጠጡ! ለፈተናው! ኬሚስትሪ የሚያስተምር፣ ፊዚክስ የሚያስተምር፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፤ ሌላ ጊዜ በሻይ ክበብ ዋጋ እንኳ የማይስማሙ ሰዎች በዚህች ተስማምተዋል። የባዮሎጂዋ ደግሞ! በየዓመቱ የተክል ክፍሎችን በሰሌዳ ላይ እየሳለች ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል እያለች የምታስተምር ሴት፣ ምን እንደሆነ ያላወቀችውን ሥር ለገዛ ልጇ ልታጠጣ ነው!

«የቀለም ተክል ናት!» ብዬ ጮኽኩ። «ሸራውን አላያችሁም? ያ ሁሉ ነጭ ክብ የሚጠብቀው እሷን ነው! ሌላ ዘር የላቸውም!»

«አንተ ልጅ የለህ» አለች። እንባ አቅርራለች፤ እንባዋ ግን ይበልጥ አናደደኝ። «ልጄ ሌሊት ሌሊት ስታለቅስ አልሰማህ። ምን ታውቃለህ አንተ?»

እውነት ነው፣ ልጅ የለኝም። ግን ልጅ የሌለው ሰው ሌብነትን አያውቅም ያለው ማነው? በዚህ አፌ ብዙ የማይነገር ነገር ተናገርኩ። አልደግመውም፤ የተጸጸትኩበትም የለም። ርዕሰ መምህሩ «ጉዳዩን በመግባባት እንፍታው፣ ሪፖርት የሚያስፈልገው ነገር አይደለም» ሲል ጠባቂው ራሱ ሳቀ። ሚኒባሱ ይመለስ አልኩ። ሾፌሩ ሰዓቱን አሳየኝ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ወደ ወንበራቸው ገቡ፣ መስኮቱን ዘጉ። አንድ ሰው እንኳ «አብሬህ ልመለስ» አላለኝም።

ጃኬቴን አውልቄ ተክሎቹን ሰበሰብኩ። የመጠጥ ውሃዬን አፈሰስኩባቸው። አሸዋ የጫነ አይሱዙ ከኋላው ላይ አሳፍሮ መለሰኝ። ንፋሱ እንዳይመታቸው መንገዱን ሙሉ በሰውነቴ ከለልኳቸው።

የኔታ ጓሮው ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። መደቡን አይተውታል። ቀዳዳ ቀዳዳ ብቻ ነው የቀረው፣ ከዳር ደግሞ የተረገጡ ሁለት ግንዶች። ጃኬቱን ፊታቸው ዘረጋሁ። አንዷን አንሥተው ሥሯን በጥፍራቸው ፋቁ። ነጭ ነው። ሌላዋን ፋቁ፤ ያው ነጭ።

«ገና ልጅ ናት» አሉ። «ዘሯ ሳይጎመራ ሥሯ ቀለም አይቋጥርም።»

«ብንተክላት፣ የኔታ?»

«ጎትተው ነው የነቀሏት፣ አልቆፈሩም። ፀጉሯ አልቋል።» ሥሩ ላይ የሚበቅለውን ቀጭን ክር ማለታቸው ነው። ቢሆንም ተነሥተው ቀዳዳዎቹ ውስጥ አንድ በአንድ መለሷቸው፤ እኔም ውሃ አመላለስኩ። ሁሉም ጎን ለጎን ተኙ። አንዷም ቀና አላለችም።

ይስደቡኝ እያልኩ በልቤ እለምናለሁ። «አንተ ነህ ያመጣኻቸው፣ ምለህልኝ ነበር» ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ «ምን ሊያደርጓት ነው የወሰዷት?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ፤ በእውነት ሊገባቸው ፈልገው።

ነገርኳቸው። አብሾ መስሏቸው እንደሆነ፣ ልጆቻቸው በፈተናው እየወደቁ እንደሆነ፣ ዘንድሮም እንዳይወድቁ ሊያጠጧቸው እንደነበር። ንዴቴ እየተመለሰብኝ፣ ስለ እነሱ ድንቁርናም፣ ስለ እነሱ ውርደትም አስረዘምኩ። የኔታ ራሳቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጆቹን የሚያስተምራቸው ማነው?» አሉኝ።

«እኛ ነን፣ የኔታ» አልኩ።