ድንቹ ለወጥ አይደለም

ዛሬ ታላቅ ወንድሜ ሁለት ዓይኑ ላይ ድንች ተለጥፎበት ግቢያችን ውስጥ ተጋድሟል።

«ጥብስ ነው ቅቅል?» አልኩት። ሁሌ የሚስቅልኝ ሰውዬ ዛሬ ድንቹን በእጁ ጫን አደረገው።

ቤታችን ውስጥ በር ይበይዳል። የብየዳ ማስኩ ግንባሬን ቆረጠኝ ሲል ከገዛ ፍራሼ ስፖንጅ ቀድጄ ውስጡን አለበስኩለት።

«የሙሽራ ትራስ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝና በፀሐይ መነጽሩ መበየዱን ቀጠለ። መነጽሩ በሶዶ ቆነጃጅት ፊት ያምርበታላ!

ዛሬ ጠዋት የብየዳው ብርሃን ያቃጠለው ዓይኑ አልገለጥ አለ፤ ድንች ያበርደዋል ብሎ ለጠፈበት።

ሐኪም ቤት ልወስደው ባጃጅ ጠራሁ። ድንቹን አንስቼ «በል ግለጥ» ስለው፣ እንደምንም ገለጠና «መብራት ሄደ እንዴ?» አለኝ።

ቀትር ላይ ነን። ፀሐዩ ፊቱ ላይ ነው።

«አዎ፣ ሄደ» አልኩት። እጁን ይዤ ወደ ባጃጁ መራሁት።

እናንተስ ሰፈር በፀሐይ መነጽር የሚበይድ ጀግና የለም? ታግ አድርጉት። ፍራሼ ገና አላለቀም።