ፊቴን እንጂ ባሌን አልሰጠሁም

የአክስቴ ልጅ የደወለችልኝ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ገና ሳልቀመጥ ነው። እንግሊዝ አገር ሆስፒታል ውስጥ የጽዳት ሥራ ከያዘች ወዲህ የምትደውለው በዓል ሲሆን ወይም ሰው ሲታመም ብቻ ነበር። "ሄሎ" ከማለቴ ለቅሶዋ ቀደመኝ።

"አባቴ ሞቶ ነው የደበቃችሁኝ?"

እኛ ዘንድ ባሕር ማዶ ላለ ሰው መርዶ በስልክ እንደማይነገር ታውቃለች። አጠገቧ ሆኖ የሚያጽናናት ሰው እስኪገኝ ይደበቃል። ስለዚህ ብምል ብገዘት አላመነችኝም። ክርስቲያን መሆኔን እያወቀች "ወላሂ በይ" አለችኝ። "ወላሂ ደኅና ናቸው፤ በቀደም ገበያ አይቻቸዋለሁ" አልኳት። "እንደዚህ ነው ሁሌም የምትሉት" ብላ ጭራሽ ባሰባት።

ነገሩን ቀስ በቀስ አስረዳችኝ። የሥራ ባልደረባዋ በስልኳ ላይ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገጽ አሳይታታለች። የእናቷ ፊት ገጹን ሞልቶታል። ከሥሩ፣ ይህች ሴት ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የሌላት፣ ጎረቤት ካልሰጣት የምትቀምሰው የሌላት መበለት ናት ይላል። ስሟም ሌላ ነው። የድርጅቱን ስም ስትነግረኝ ጆሮዬን አላመንኩም። የምሠራው እዚያው ድርጅት ነው፤ ስልኩንም ያነሳሁት መካነ ሰላም ባለው ቢሮው ውስጥ ሆኜ ነው። የመረጃ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ውሃ የወጣላቸውን ቀበሌዎችና የተጠቃሚ ቤተሰቦችን ኮምፒውተር ላይ እመዘግባለሁ።

ገጹን ከፈትኩት። አክስቴ ናቸው። እሳቸው በሚኖሩበት በከላላ ወረዳ ድርጅቱ ያሠራው የውሃ ቦኖ ሲመረቅ ከውጭ የመጣ ፎቶ አንሺ ያነሳቸው ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እሳቸው ሙስሊም፣ አባቴ ክርስቲያን። እኛ አገር ይሄ ማብራሪያ አይፈልግም። ለደሃ የሚሰጡ እንጂ ከሰው የሚቀበሉ ሴት አልነበሩም።

ያኔውኑ ለአክስቴ ደውዬ ነገርኳቸው። በማግስቱ ባላቸውን አስከትለው ከከላላ ከሚመጣው ሚኒባስ ወረዱ። ቢሮው በር ላይ ቆመው ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ፣

"ይሄው አመጣኋቸው። ሞተው እንደሁ እዩ" አሉ።

በቅድሚያ ለልጃቸው በቪዲዮ ደወልኩ። አባቷ ስልኩን ፊታቸው ላይ ለጥፈው ስለያዙት የሚታየው ጺማቸው ብቻ ነበር። እሷ ታለቅሳለች፣ እሳቸው ይቆጣሉ። በመጨረሻ "ልጄ፣ የሞትኩ ዕለት እኔው ደውዬ እነግርሻለሁ" ሲሏት ሳቀች። ያን ጊዜ አመነች።

ከዚያ ሥራ አስኪያጃችን ዘንድ ገባን። ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ሰጣቸው፣ አጎንብሶ እጃቸውን ጨበጠ።

"እናቴ፣ ይሄ እርስዎን ለመጉዳት አይደለም" አለ። "እዚያ ያለው ሰው ልቡ እንዲራራ ታሪኩ ትንሽ ይከሸናል። ስምዎም ተቀይሯል። ደግሞም ፎቶ ሲነሱ ፈቅደው ነው፣ ወረቀቱ ላይ የጣት አሻራዎን አኑረዋል።"

"አንሱኝ ብያለሁ፣ አልክድም" አሉ አክስቴ። "ፊቴን ሰጠሁ እንጂ ባሌን አልሰጠሁም። የምትጦረኝን ልጄንስ የለችም በሉ ብያለሁ?"

ባላቸው ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ። "እኔ ከሞትኩ የዘንድሮውን ገብስ ማን አጨደው?" አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ጥቂት አሰበና ከመጋዘን ብርድ ልብስና ዱቄት እንዲሰጣቸው እንደሚያደርግ ተናገረ። አክስቴ ብድግ አሉ።

"የሟቹ ባሌ ሰደቃ መሆኑ ነው?"

እኔ መናገር የጀመርኩት ያኔ ነው። ድርጅቱ በየዓመቱ ከእንግሊዝ በኮምፒውተር የሚልክልን ትምህርት ነበር። የይለፍ ቃል አታዋሱ፤ ከወንበራችሁ ስትነሱ ኮምፒውተሩን ቆልፉ፤ የሰው መረጃ በፍላሽ ይዛችሁ አትውጡ ይላል። ሁላችንም ፈተናውን አልፈን የምስክር ወረቀት ይሰጠናል። እዚያው ውስጥ፣ ስለ አንድ ሰው የተያዘ መረጃ እውነት መሆን እንዳለበት፣ ባለቤቱም አሳዩኝ፣ አርሙልኝ፣ አጥፉልኝ ብሎ የመጠየቅ መብት እንዳለው የእንግሊዝን የመረጃ ሕግ ጠቅሶ ተጽፏል። ይህንኑ ነገርኩት።

"ሕጉን አውቀዋለሁ" አለኝ ሥራ አስኪያጁ። "የወጣው ግን ለእንግሊዞች ነው።"

"ሰው ይላል እንጂ እንግሊዛዊ አይልም" አልኩት። "ድርጅቱ የእንግሊዝ ነው፣ ገጹም ያለው እዚያ ነው። እኛን በዚሁ ሕግ እየቀጣችሁ እሳቸውን አይመለከትም ማለት እንዴት ይሆናል?"

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ እኔን አስቀረኝ። "ኮንትራትሽ የሚታደሰው በእኔ ፊርማ ነው" አለ፤ ድምፁን ሳይጨምር። ቤት ኪራዬን፣ የእናቴን መድኃኒት አሰብኩ። ከፍርሃቱ ግን ንዴቱ በለጠ። አክስቴ ከነባላቸው ግቢው ውስጥ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር።

በቢሮው ኮምፒውተር የግል ጉዳይ መሥራት ክልክል ነው። በዚህ እንዳይዙኝ የምሠራበትን ቆልፌ፣ ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። መናኸሪያው አጠገብ ካለው፣ ማመልከቻ ከሚጻፍበት ጽሕፈት ቤት ገባን። አክስቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እየነገሩኝ ጻፍኩ።

"ልመና እንዳታስመስይው" አሉኝ። "ባል አለኝ በይ። ልጆች አሉኝ በይ። ቸግሮኝ አያውቅም አትበይ፤ ድርቅ ሲመጣ ማን ይተርፋል? ግን የቸገረኝን የምናገረው እኔ ነኝ በይ።"

እሱን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ከሥሩ በሕጋቸው ቋንቋ ጨመርኩ፦ ስለ እሳቸው የያዛችሁትን ሁሉ አሳዩ፣ ለማን እንደሰጣችሁት ተናገሩ፣ ውሸቱን አርሙ፣ ፎቶውን ከገጹ አንሱ። መልስ ለመስጠት ሕጉ የፈቀደላቸው አንድ ወር ነው። አክስቴ ጣታቸውን አኖሩ፤ ለዋናው መሥሪያ ቤት በራሴ ኢሜይል ላክሁት።

ኔትወርክ ጠፍቶ ሰነበተ። ሲመለስ የዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደርሶ ነበር። በገጹ ላይ ያለችው ሴት ስምና የአመልካቿ ስም ስለማይመሳሰል አንድ ሰው መሆናቸውን ማረጋገጥ አልቻልንም ይላል።

በስልክ ሳነብላቸው አክስቴ "ሱብሃነላህ!" ብለው ሳቁ። "ስሜን ራሳቸው ቀይረው ስምሽ አይደለም ይሉኛል?"

ገበያ ቀን ከላላ ወርጄ መታወቂያቸውን አገጫቸው ሥር አስይዤ፣ ባላቸውን ከጎናቸው አቁሜ አነሳኋቸው። አክስቴ ፈገግ አላሉም፤ ካሜራውን እንደ ባላጋራ ነበር ያዩት። ፎቶውን ከመታወቂያው ትርጉም ጋር ላክሁ። ልጃቸውም እዚያው ሆና ጻፈችላቸው፤ ካላስተካከላችሁ የመረጃ ሕጉን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አቤት እላለሁ አለቻቸው።

ፎቶው ከገጹ ተነሳ። ልጅቷ ናት መጀመሪያ ያየችው። ቀጥሎ ደብዳቤው መጣ፤ የአክስቴ እውነተኛ ስም ከነአባታቸው ተጽፎበት፣ ስለ ባላቸውና ስለ ልጆቻቸው የተባለው ሐሰት እንደነበር ያምናል፣ ይቅርታም ይጠይቃል። ያው ፎቶ ወጥቶባቸው የተበተኑትን መጽሔቶች ግን መሰብሰብ እንደማይችሉ ገልጸዋል። ከፈቀዱ እውነተኛ ታሪካቸውን ማውጣት እንደሚፈልጉም ጠይቀዋል።

"ታሪኬን የፈለገ እዚህ መጥቶ ይጠይቀኝ" አሉ አክስቴ። "ባሌ በተቀመጡበት።"

ማንም አልመጣም።

ኮንትራቴ ሲያልቅ አልታደሰም። በጀት የለም ተባልኩ። ሥራ አስኪያጁ ንብረት ሳስረክብ እስከ በሩ ሸኘኝ። "ይሄ ሁሉ ለአንድ ፎቶ?" አለኝ፤ ከልቡ ገርሞት ነበር መሰለኝ።

"አባትህን በቁሙ ቀብረው እናትህን መለመኛ ቢያደርጓት ይህን ትጠይቀኝ ነበር?" አልኩት።

አሁን ያው መናኸሪያ አጠገብ ያለው ጽሕፈት ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ እተረጉማለሁ። ደመወዙ ከበፊቱ ጋር አይወዳደርም፣ ወር ሲደርስ እጨነቃለሁ። ሰሞኑን ከለጋምቦ አንዲት ሴት የልጇን ፎቶ በስልክ ይዛ መጣች። ልጁን ያነሳው ሌላ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፣ ከሥሩ ምን ብሎ እንደጻፈ ማወቅ ፈልጋለች። አነበብኩላት፤ ወላጅ የሌለው ይላል። ፊቷ ተለዋወጠ፤ "ይሄን ማን ነገራቸው?" አለች። ወንበር ሳብኩላትና የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት የት አገር እንደሆነ መፈለግ ጀመርኩ።