ከማን ሰሙት?

ልጄ ልታገባው የፈለገችው ልጅ ነቀፋ የለበትም። ችግሩ ዝምድናው ነው። ሮቫ ዳሌት በሚባለው ሰፈር የሚኖሩት የእናቴ ወንድም፣ ከአገር ቤት ይዘነው እንደመጣነው ወግ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ስድስተኛዋ አያት ላይ ቆሙና «እዚህ ይገናኛሉ፤ አይሆንም» አሉ። ያለ እሳቸው ምርቃት ደግሞ ሠርግ የለም። ልጄ አበደች። «ኢማ፣ የደም ብዲካ እንሥራ! ምርመራ የማያየውን እሳቸው በምን አወቁ?» እኔም አጎቴን ማመንም መካድም አቅቶኝ ቤት ውስጥ ስንቆራጠጥ ሰነበትኩ።

በዚያው ሰሞን ሃኪርያ ሰፈር የፍልስፍና ኮርስ እከታተል ነበር። አስተማሪያችን የምዕራባውያንንና የእስልምናን የእውቀት መንገድ ታነጻጽር ነበር። የምዕራቡ ፈላስፋ በሩን ዘግቶ ሁሉን ይጠራጠራል፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ባይ ነው። የነቢዩን ቃል የሚያጣራው የእስልምናው የሐዲስ ሊቅ ግን መንገድ ወጥቶ ይጠይቃል። ነቢዩ ይህን ማለታቸውን ከማን ሰማህ? እሱስ ከማን ሰማ? በአካል ተገናኝተዋል? ዋሽቶ ያውቃል? ከሰንሰለቱ አንድ ውሸታም ከተገኘ ወሬው ይወድቃል። «ሁለቱም ከዚህ የሰፉ ናቸው» አለች፤ እኔ ግን መስማት ትቼ ነበር። ወንበሩ ቆረቆረኝ። ውሃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ ብዬ በማግስቱ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ።

«አጎቴ፣ ያን የስድስተኛዋን አያት ነገር ከማን ሰሙት?»

እኛ ዘንድ ሽማግሌን እንዲህ መጠየቅ ስድብ ነው። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«ከናቴ። አንቺን ካሳደገችሽ።»

አፌ ቀደመኝ። «እሷማ ዋሽታኛለች!» አልኩ።

ልጅ ሳለሁ፣ አዲስ አበባ ወደዚህ የሚያመጣንን አውሮፕላን ስንጠብቅ እናቴ ሞተች። አያቴ ግን «ቀድማሽ ኢየሩሳሌም ገብታለች» አለችኝ። እዚህ ስንደርስ ከሰው መሐል እየተሹለከለኩ እናቴን ፈለግኳት። አያቴን እወዳታለሁ፤ ያ ውሸት ግን ዛሬም ያንገበግበኛል።

አጎቴ ቀና ብለው አላዩኝም። «እሷን አትኮንኛት» አሉ። «እህቴን ቀብሬ ስመለስ እንዲያ በያት ያልኳት እኔ ነኝ። እንግዲህ የኔም ቃል አይታመንም። ልጅሽን ዳሪያት።»

ልጄ በስልክ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ አውቶቡሱ ባዶ ሆኖ ሳለ መቀመጥ አቅቶኝ እስከ ቤቴ፣ እስከ ሮቫ አሌፍ፣ ቆሜ ሄድኩ። እውነት ያን ውሸት ለአያቴ የመከሯት እሳቸው ናቸው? ወይስ እሷን ከኔ ቂም፣ ልጄን ከእንባ ለማዳን ሲሉ የዋሹት ገና አሁን፣ ለኔ ነው?

በሠርጉ ቀን ልጠይቃቸው ጠጋ አልኩ። ጉልበታቸውን ስሜ ተመለስኩ።