የሸምሶ የሳል ሽሮፕ

ሸምሶ ቡታጅራ ውስጥ ትንሽ መድኃኒት ቤት አለው። የተማረው፣ ሐኪም የጻፈውን ከመደርደሪያ አንስቶ መስጠት ብቻ ነው። ከእንሴኖ ገበያ የሚመጣው ሰው ግን «ዶክተር» ይለው ነበር፤ እሱም አንድም ቀን «አይደለሁም» አላለም። «አላውቅም» የምትባል ቃልማ ከአፉ ወጥታ አታውቅም። ሆዴን ላለው ለሆዱ፣ ወገቤን ላለው ለወገቡ፣ ወረቀት ሳይጠይቅ ይሰጣል። «ያላከምኩት የመናኸሪያውን ሚኒባስ ብቻ ነው» ይላል ዛሬ በራሱ ሲቀልድ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ የገዛ ልጁ የሩፋይዳ ሆድ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ሲነፋ «ትል ነው» አለ። የትል መድኃኒት ሰጣት፤ አልጎደለም። «ግትር ትል ነው» ብሎ ደገመ። ሚስቱ ዘይባ ሐኪም ቤት እንውሰዳት ስትለው «የሐኪም ሚስት አይደለሽ እንዴ?» ይላታል። አምስት ዓመት ሙሉ በየሦስት ወሩ ዘመተ። «በዚያ ሁሉ ዘመቻ አንድም ትል አልማረክኩም» ይላል። ልጅቷን አፍንጫዋን ሲነስራት፣ አጥንቷን ሲቆረጥማት ጊዜ ዘይባ ሳታስፈቅደው አውቶቡስ አሳፈረቻት። እሱም እያጉረመረመ ተከተለ።

ዘመኑ 2005 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ላይ ዶክተር ይድነቃቸው የሚባል ሐኪም ብዙ መርምሮ እውነቱን ነገራቸው። ጎሼ የሚሉት የዘር በሽታ ነው፤ ሰውነቷ አንድ ዓይነት ስብ መፍጨት ስላቃተው ጣፊያዋ ውስጥ ተጠራቅሞ ሆዷን ነፍቷል።

ሸምሶ ወደ ዘይባ ዞረ። «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለ።

«ከሁለታችሁም ካልወረሰች አይመጣም» አለው ሐኪሙ።

በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት በእነሱ አቅም የሚገኝ አልነበረም። ሐኪሙ ግን ገና እየተጠና ያለ አንድ የሚዋጥ ነገር እንዳለ ነገራቸው፤ የደከመውን የስብ ፈጪ ደግፎ ወደ ሥራ ቦታው ያደርሰው ይሆናል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት። አምብሮክሶል ይባላል፤ የሳል መድኃኒት ነው።

ሸምሶ ከወንበሩ ብድግ አለ። መደርደሪያው ላይ አርባ ጠርሙስ አለው። ያላጠጣው የቡታጅራ ሰው የለም፤ የቀረችው ሩፋይዳ ብቻ ናት፣ አላሳላትማ።

«ዛሬውኑ እጀምርላታለሁ» አለ።

«አትጀምርም። መጠኑ ለሳል ከሚሰጠው እጅግ ይበልጣል። የምትጀምረው እኔ ጽፌ፣ በየወሩ እያየኋት ነው። ላይሠራም ይችላል።»

ወረቀቱን ይዞ ቤቱ ገባ። የሐኪም ወረቀት ሦስት ጊዜ ሲያነብ በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር። ለሌሎች ልጆች ሽሮፕ ሲቀዳ ጠብታ ደፍቶ የማያውቅ ሰው ግማሹን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። እንደገና ቀዳ።

«አባ፣ ያድነኛል?» አለችው ሩፋይዳ።

ፈራ። «አላውቅም፣ ልጄ» አለ።

ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትክ ብላ አየችው።

«ትሉንስ እንዴት አወቅህ?» አለችና አፏን ከፈተችለት።